ስኳር፣ ግፊት ወይም አስም ያለበትን ሰው ሲጋራ ማስቆም፦ ከመጀመሪያው ቆጠራ እስከ ጫቱ ሰዓት

ስኳር ወይም የልብ ሕመም ይዞት ዛሬም የሚያጨስ ሰው፣ ሲጋራ እንደሚጎዳው ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። በየቀጠሮው ተነግሮታል፤ "ጨው ይቀንሱ፣ ቅባት ይቀንሱ፣ ሲጋራ ያቁሙ" በአንድ ትንፋሽ። ያልተነገረው እንዴት እንደሚያቆም ነው። ይህ ጽሑፍ ጅማ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ቤቱ ላለ ቤተሰብ፣ በክትትል ክፍል ለሚሠሩ ነርሶችና ቤት ለቤት ለሚዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የተዘጋጀ ነው። ሁለት ጉዳይ ላይ ሰፋ ያለ ጊዜ እንወስዳለን፤ ከሰዓት በኋላ በሚቃመው ጫትና፣ ማጨስ ሲቆም በሚለወጠው የመድኃኒትና የቡና ልክ ላይ። ብዙ የተጀመረ ጥረት የሚበላሸው እዚያ ነው።

መጀመሪያ መቁጠር

ጅማ ውስጥ "ያጨሳሉ?" ተብሎ ተጠይቆ "አላጨስም" የሚል ሰው ሁልጊዜ እየዋሸ አይደለም። ጫት ላይ ካልሆነ አላጨስም ማለቱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጥያቄውን መከፋፈል ነው፦ "ጫት ሲቅሙስ?"፣ "ሺሻስ?"፣ ከገጠር ለመጡ አረጋውያን ደግሞ "ጋያስ?"። ከማና፣ ከዴዶ ወይም ከሰቃ ጮቆርሳ የመጣን ኦሮምኛ ተናጋሪ በአማርኛ ብቻ መጠየቅ የመልሱን ግማሽ ማጣት ነው። "በቀን ስንት ያጨሳሉ?" ከማለትም "ጋሼ፣ ትናንት ስንት ፍሬ አጨሱ?" ማለት ይሻላል። "በቀን" ሲባል ሰው የሚመኘውን ቁጥር ይናገራል፤ "ትናንት" ሲባል ግን ያስታውሳል።

በፍሬ የሚገዛ ሰው ግን ትናንትንም በትክክል አያውቀውም። ፓኮ ቢገዛ ቢያንስ ባዶው ይመሰክር ነበር። ለዚህ የሚሆን፣ ማንበብና መጻፍ የማይጠይቅ ዘዴ አለ። ለሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት የኮቱ ቀኝ ኪስ ውስጥ ሠላሳ ፍሬ ጥሬ ቡና ይጨመር። ሲጋራ በለኮሰ ቁጥር አንዷን ቡና ወደ ግራ ኪስ ያዛውራል፤ ጫት ላይ ሆኖ ከሆነ ደግሞ ወደ ሸሚዙ ኪስ። ማታ ሁለቱ ኪሶች ለየብቻ ይቆጠሩና ቤት ያለ ሰው ይመዘግባል። በእነዚህ ሦስት ቀናት "ቀንስ" አይባልም፤ ከተባለ ቡናው ቀኝ ኪስ ውስጥ ይቀራል፣ ሲጋራው ግን ይጨሳል።

ከቁጥሩ ጋር አንድ ነገር ይጠየቅ፦ ከእንቅልፍ ከተነሡ በኋላ የመጀመሪያዋን የሚለኩሱት መቼ ነው? በ30 ደቂቃ ውስጥ ከሆነ ሱሱ ጠንካራ ነው፤ ያለ መድኃኒት እገዛ ይከብዳል። ሙሉ ጠዋት ሳያጨስ ውሎ ከ8 ሰዓት በኋላ ጫት ላይ አሥር ፍሬ የሚያጨስ ሰው ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ሰውነቱ ኒኮቲን ሳያገኝ ግማሽ ቀን መዋል ይችላል፤ የያዘው ሰዓቱና ቦታው ነው። ለሁለቱ አንድ ዓይነት ምክር መስጠት አያዋጣም።

ከራሱ ሕመም ጋር የሚያያዝ አንድ ዓረፍተ ነገር

ስብከት አያስፈልግም። አንዲት ከገዛ ሕመሙ ጋር የምትያያዝ ነገር ትበቃለች። ስኳር ላለበት፦ ኒኮቲን ኢንሱሊን በደንብ እንዳይሠራ ያደርጋል፣ ጭሱ ወደ እግር የሚወርዱትን የደም ሥሮች ያጠባል፤ የእግር ቁስል አልድን የሚለውም በዚህ ነው። ድንገተኛ የልብ ድካም (ሃርት አታክ) ደርሶበት ለተረፈ፦ ካቆመ የመሞት ዕድሉ በሲሶ ገደማ ይቀንሳል። ለአስም ሕመምተኛ፦ የሚነፋው መቆጣጠሪያ መድኃኒት በሚያጨስ ሰው ላይ ኃይሉ ይደክማል። ቲቢ ላለበት፦ የሚያጨስ ሰው ሕክምናውን ጨርሶም ሕመሙ ሊያገረሽበት የሚችልበት ዕድል ከፍ ይላል። የኤችአይቪ መድኃኒት በአግባቡ ለሚወስድ፦ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በተደረጉ ክትትሎች ከቫይረሱ ይልቅ ዕድሜ የቀነሰው ሲጋራው ነው። ሲኦፒዲ (የአየር ቧንቧዎችን የሚያጠብ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም) ላለበት ሰው ግን መዋሸት አይገባም። የተጎዳው ሳንባ ተመልሶ አዲስ አይሆንም፤ ካቆመ ግን የመድከሙ ፍጥነት ይቀንሳል።

ከማቆሙ በፊት፣ መድኃኒቱንና ቡናውን ማስተካከል

ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ ይዘለላል። መዘለል የለበትም።

የሲጋራ ጭስ ጉበት ውስጥ አንዳንድ መድኃኒቶችን ፈጭቶ የሚያስወግደውን ኤንዛይም ያፋጥናል። ይህን የሚያደርገው ጭሱ እንጂ ኒኮቲኑ አይደለም፤ ስለዚህ ሰውየው የኒኮቲን ማስቲካ ቢይዝም ለውጡ አይቀርም። ማጨስ በቆመ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ጉበት ወደ ተራ ፍጥነቱ ይመለስና፣ ትናንት ልክ የነበረው መድኃኒት ዛሬ ይበዛል። በተለይ የሚያሰጉት ሦስት ናቸው፦ ለአስምና ለሳንባ የሚሰጡት ቴዎፊሊንና አሚኖፊሊን፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ክሎዛፒንና ኦላንዛፒን፣ እንዲሁም ደም የሚያቀጥነው ዋርፋሪን። ቴዎፊሊን ሲበዛ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ የልብ መምታትና የእጅ መንቀጥቀጥ ይመጣል፤ ከባሰም የሚጥል በሽታ የሚመስል መንፈራገጥ። ክሎዛፒንና ኦላንዛፒን ሲበዙ ሰውየው ቀኑን ሙሉ ያንቀላፋል፣ ይንገዳገዳል። ዋርፋሪን ላይ ድድ መድማትና ምክንያቱ የማይታወቅ መበለዝ ይታያል።

መፍትሔው መድኃኒቱን በራስ መቀነስ አይደለም። የማቆሚያው ቀን ሲወሰን ለሐኪሙ አስቀድሞ መንገር፣ ልኩ እንዲታይ ማድረግና ክትትል ካርዱ ላይ "ከዚህ ቀን ጀምሮ ሲጋራ አቁሟል" ተብሎ እንዲጻፍ መጠየቅ ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሌላ ሐኪም ሊያገኝ ስለሚችል ያቺ መስመር ትጠቅማለች። ተመልሶ ማጨስ ቢጀምርም መንገር ያስፈልጋል፤ ያኔ ደግሞ መድኃኒቱ ያንሳል።

ቡናም በዚያው መንገድ ነው የሚወገደው። ያንኑ ያህል ቡና እየጠጣ ሲጋራ ያቆመ ሰው ደሙ ውስጥ ያለው ካፌይን ወደ እጥፍ ገደማ ይወጣል። ጠዋት አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ከሰዓት ደግሞ ጎረቤት ተጠርቶ ሌላ ሁለት ስኒ በሚጠጣበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሚሆነው እንዲህ ነው፦ በአራተኛው በአምስተኛው ቀን ልቡ ይመታል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ቤተሰቡ ላይ ይቆጣል። እሱም ቤተሰቡም "ሲጋራ ማቆሙ አልተስማማውም" ይላሉ። ያልተስማማው ግን ቡናው ነው። ከማቆሚያው ቀን ጀምሮ ቡናው በግማሽ ይቀነስ። በተግባር ሲታይ ስድስት ስኒ የሚጠጣ ሦስት፣ ከ9 ሰዓት በኋላ ደግሞ ምንም። የቡናው ሥርዓት ግን መቅረት የለበትም፤ ሰው ከጎረቤቱ ተነጥሎ ሲጋራ አያቆምም። ከአቦሉ አንድ ስኒ ይጠጣና ቶናና በረካ ሲቀዳ የዝንጅብል ውኃ ወይም ቀጠን ያለ ሻይ ይያዝ። (የሳንባ ሕመም ካለበት፣ ከሰሉና ዕጣኑ ከቤት ውጭ ወይም በረንዳ ላይ ቢጤስ ይመረጣል። ሲጋራ አቁሞ በዕጣን ጭስ ማሳል ያሳዝናል።)

ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ደግሞ ካቆመ በኋላ በሚመጡት ሳምንታት ኢንሱሊኑ የተሻለ ሊሠራለት ይችላል፤ በዚያው ልክ ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል። ለመጀመሪያው ወር ከወትሮው በላይ መለካት ነው።

ቀኑን መቁረጥ

ከሁለት ሳምንት ያልራቀ ቀን ይመረጥ። ቀስ በቀስ ከመቀነስ ቀን ቆርጦ በአንድ ጊዜ ማቆም በጥቂቱ የተሻለ ውጤት እንዳለው ታይቷል፤ መቀነስ የሚመርጥ ካለ ግን ቀኑ እንዳለ ሆኖ በየሦስት ቀኑ የመጀመሪያዋን ሲጋራ በአንድ ሰዓት ያዘግይ። ሰው ቁጥር ሲቀንስ እያንዳንዷን ጠለቅ አድርጎ፣ እስከ ቂጧ ድረስ መሳብ ይጀምራል። "ከአሥር ወደ አምስት ወርጃለሁ" ሲባል ደስ ቢልም ሳንባው የሚያገኘው ጭስ በግማሽ ቀንሷል ማለት አይደለም።

ረመዳን ጥሩ አጋጣሚ ነው። ከጎህ እስከ አፍጥር ሳያጨስ የሚውል ሰው አብዛኛውን ቀን ቀድሞውንም አቁሟል፤ የቀረው ከአፍጥር በኋላ ያለችው ሰዓት ናት፣ የሚወድቅባትም እሷው። ስኳር ያለበት ሰው ግን ሐኪም ሳያማክር አይጹም። ለሠርግና ለለቅሶ ሳምንት ቀን አይቆረጥም።

በዋዜማው ላይተሩ፣ መተርኮሻውና በየኮቱ ኪስ የተረሳው ፍሬ ይውጣ፤ ጋቢና ብርድ ልብስ ይታጠብ። የሰፈሩ ባለሱቅ በዱቤ ሲጋራ እንዳይሰጠው ይነገረው። ለሱቅ በደረቴዎች ግን ማንም ሊነግራቸው አይችልም፤ ስለዚህ መርካቶ ሲሄድ ብቻውን ባይሄድ ይሻላል። ቤት ውስጥ ሌላ የሚያጨስ ካለ ውጭ ያጭስ፣ ፓኮውንም ይዞ ይውጣ። ካፌ ውስጥ አጠገቡ የሚያጨስ ቢመጣ ባለቤቱን መጠየቅ መብቱ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ቤት ውስጥ ባሉ የሕዝብ መገልገያዎች ማጨስን ከልክሏል።

ከሰዓት በኋላ

ጫት የሚቅም ሰው ሲጋራ ሲያቆም አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው ጠዋት አይደለም፤ በርጫው ተቀምጦ ምርቃናው ሲመጣ ነው። ውጭ ዝናብ፣ ውስጥ ወዳጅ፣ አጠገብ መተርኮሻ። "አንድ ፍሬ ብቻ" የሚባለው እዚያ ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ጫቱም ቢቆም የሚሻለው እሱ ነው። ለሕመሙም ይበጃል፦ ጫት በራሱ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ያወጣል፣ ምግብ ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ኢንሱሊን ተወግቶ ጫት ስለዘጋው ምሳ የማይበላ ሰው ስኳሩ ሊወርድ ይችላል፤ አብሮ የሚጠጣው ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይ ደግሞ ተመልሶ ያወጣዋል።

ሁለቱን አንድ ላይ የሚያቆም ሰው ምን እንደሚመጣበት አስቀድሞ ይነገረው። ለጥቂት ቀናት እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፣ ሰውነቱ ይከብዳል፣ ይከፋዋል፣ ሌሊት ዱካክ ሊጫነው ይችላል። ይህ የጫቱ ሐራራ እንጂ አዲስ በሽታ አይደለም፤ በአንድ ሁለት ሳምንት ይቀልለታል።

"ጫቱን አልተውም" የሚል ሰው ግን ከነጫቱ መረዳት አለበት እንጂ መባረር የለበትም። ያኔ የሚለወጠው ቦታውና ሰዓቱ ነው። ሁልጊዜ ከሚቅምበት ቤት ይልቅ በራሱ ቤት፣ ከማያጨስ ወዳጅ ጋር፤ ምሳ በልቶ፤ ከወትሮው ግማሽ ጫት ይዞ፤ ከ11 ሰዓት በፊት ተጨርሶ። አጠገቡ ውኃና ኦቾሎኒ ይቀመጥ፤ ክብሪት አይቀመጥ። እጁ የለመደው ነገር ስለሚያስፈልገው መቁጠሪያ (ሙስበሃ) ወይም እርሳስ ይያዝ። ከጫቱ በኋላ ጨብሲ የሚል ሰው ከሆነ ደግሞ ጫቱን ያለፈው ሲጋራ ከቢራው ጋር ይመጣል፤ ያም በመጀመሪያው ወር ይቅር።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

የሲጋራ ሐራራ ካቆሙ በጥቂት ሰዓታት ይጀምራል፣ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ይበረታል፣ ከዚያ በሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ እየላላ ይሄዳል። እያንዳንዱ የማጨስ ግፊት የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ነው። አንድ ብርጭቆ ውኃ በዝግታ መጠጣት፣ አንዲት ፍሬ ቅርንፉድ አፍ ውስጥ ማድረግ፣ ተነስቶ እስከ አስፋልቱ ደርሶ መመለስ፤ ይህን ሲያደርግ ደቂቃዎቹ ያልፋሉ። ሳንባው የደከመ ሰው ተቀምጦ በአፍንጫው አየር ያስገባና ከንፈሩን እንደ ማፏጨት አጥብቦ፣ ካስገባበት ጊዜ ሁለት እጥፍ ወስዶ በዝግታ ያውጣ። ስኳር ላለበት ሰው ከረሜላ አይሰጥ፤ ቆሎም ቢሆን ጭብጥ እንጂ ሳፋ አይሁን።

አንድ አደገኛ መምታታት አለ። ስኳር ሲወርድም፣ የሲጋራ ሐራራ ሲመጣም ሰው ይንቀጠቀጣል፣ ይነጫነጫል፣ ልቡ ይመታል። ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ስኳር የሚያወርድ እንክብል የሚወስድ ሰው እንዲህ ከሆነ "ሱሱ ነው፣ ይታገሥ" አይባልም፤ መጀመሪያ ይለካ። ከ70 በታች ከሆነ፣ ወይም መለኪያ ከሌለ፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጦ ይጠጣ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይታይ። ካልተሻለው ይደገም፤ ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም ሳይጨመር ወደ ሕክምና ይወሰድ። ላብ ካጠመቀውና ንግግሩ ከተወለጋገደ የሲጋራ ጉዳይ አይደለም።

ሳል ይጨምራል። በጭስ ደንዝዘው የነበሩት የሳንባ መጥረጊያዎች ሥራ ሲጀምሩ አክታ ይወጣል፤ ጥቂት ሳምንት ይቆያል። አክታው ደም ካለበት፣ ወይም ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክሳት ከመጣ ግን የማቆሙ ሳል ተብሎ አይታለፍም፤ የቲቢ ምርመራ ያስፈልገዋል። የሆድ ድርቀትም የተለመደ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ክብደት በአማካይ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይጨምራል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰውየው ሲበላ አይቆጠርበት፣ ሲጋራው ከተተወ በኋላ ይደረስበታል። የአእምሮ ሕመም የነበረበት ሰው ከባድ ድብርት ውስጥ ከገባ ወይም ስለ ሞት ማውራት ከጀመረ በዚያው ቀን ሐኪም ጋር ይሂድ።

ቤቱ ኦክሲጅን ያለው ሕመምተኛ ከሆነ ኦክሲጅኑ ባለበት ክፍል እሱም ሆነ ሌላ ሰው ክብሪት አይጭር። ኦክሲጅን ጋቢና ፍራሽ ውስጥ ስለሚሰርግ እሳቱ በቅጽበት ይያያዛል።

ማስቲካው፣ ልጥፉና እንክብሉ

እነዚህ በሁሉም ፋርማሲ ሁልጊዜ ስለማይገኙ ቀኑ ከመቆረጡ በፊት ይጠየቅ። ለአንድ ሳምንት ብቻ የሚበቃ አግኝቶ መጀመር መሐል መንገድ ላይ መቅረት ነው።

የኒኮቲን ማስቲካ 2 እና 4 ሚሊግራም አለው። በተነሣ በ30 ደቂቃ ውስጥ የሚያጨስ 4ቱን፣ ሌላው 2ቱን ይይዛል። ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት በየአንድ ሁለት ሰዓቱ አንድ፣ በቀን ግን ከ24 አይበልጥም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አኘከኩ ላይ ነው። እንደ ተራ ማስቲካ ሲታኘክ ኒኮቲኑ ወደ ሆድ ይወርዳል፣ ስቅታና ቃር ያመጣል፣ ሐራራውን ግን አያበርድም። ቀስ ብሎ ጥቂት ጊዜ ማኘክ፤ ቁንዶ በርበሬ የመሰለ ማቃጠል ሲሰማ ማቆምና ጉንጭ ሥር ማሳረፍ፤ ማቃጠሉ ሲጠፋ እንደገና ማኘክ፣ በሌላው ጉንጭ ማሳረፍ፤ እንዲህ ለ30 ደቂቃ። ጫት ቃሚ ይህን ቶሎ ይገባዋል፤ ቅጠሉን ጉንጩ ላይ የሚያሳድረው እንዲሁ ነው። ከማኘኩ 15 ደቂቃ በፊትና እያኘከ ቡና ወይም ለስላሳ አይጠጣ፤ አሲዱ ኒኮቲኑ በአፍ እንዳይሰርግ ያደርገዋል። "ማስቲካው አይሠራም" የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ስኒውን በሌላ እጃቸው ይዘው ነው።

ቆዳ ላይ የሚለጠፈው የኒኮቲን ልጥፍ ቀላል ነው፦ በቀን ከ10 ፍሬ በላይ ያጨስ የነበረ 21 ሚሊግራም ለስድስት ሳምንት፣ ከዚያ 14 ለሁለት፣ 7 ለሁለት ሳምንት፤ ከ10 ያልበለጠ በ14 ይጀምራል። በየጠዋቱ ጸጉር የሌለበት አዲስ ቦታ ላይ ይለጠፋል፤ ቅዠት ካስቸገረ ማታ ይነሣ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ድንገተኛ የልብ ድካም የደረሰበት ሰው ሐኪሙ ሳይፈቅድ አይጀምር።

ሲጋራ ለማቆም የሚረዳው እንክብል ቡፕሮፒዮን የሐኪም ትእዛዝ ይፈልጋል። ከማቆሚያው ቀን አንድ ሳምንት ቀድሞ ይጀመራል፦ 150 ሚሊግራም በቀን አንዴ ለሦስት ቀን፣ ከዚያ በቀን ሁለቴ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ፈጽሞ አይወስደውም። ሪፋምፒሲን ያለበት የቲቢ መድኃኒትና ኤፋቪሬንዝ የሚባለው የኤችአይቪ መድኃኒት ኃይሉን ያዳክሙበታል። ጫት የሚቅም ሰው መቃሙን ለሐኪሙ ሳይደብቅ ይንገር፤ ሁለቱም ግፊት ያወጣሉ፣ ሁለቱም እንቅልፍ ይነሳሉ። ሌላው ሲጋራ ማቆሚያ እንክብል፣ ቫሬኒክሊን፣ ከተገኘ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ልኩ ይቀነስለታል።

የሚደውል ሰው

ከማቆሚያው ቀን በኋላ በሦስተኛው ቀን፣ በሰባተኛው ቀን፣ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከዚያ በወሩና በሦስት ወሩ የሚደውል አንድ ሰው ይሰየም። ነርስ፣ የእህት ልጅ ወይም የዕድር ጓደኛ ሊሆን ይችላል። ቲቢ ላለበት መድኃኒቱን በየቀኑ የሚያስውጠው ባለሙያ ይህን ሥራ አብሮ መያዝ ይችላል። የሚደወለው ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ገደማ ነው፤ ጠዋት ሁሉም ሰው ደኅና ነው።

አጨስኩ ካለ "ለምን?" አይባል። "ስንት ሰዓት ላይ፣ ከማን ጋር፣ ምን እየጠጡ ነበር?" ተብሎ ይጠየቅና ያቺ ሰዓት ለነገ ትዘጋ። ሦስት ቀን ተከታትሎ ካጨሰ ቡናዎቹ ተመልሰው ቀኝ ኪስ ይገባሉ፣ ሌላ ቀን ይቆረጣል፣ ለሐኪሙም ይነገራል፤ የመድኃኒቱ ልክ እንደገና ይታያልና።